ይበል ባይ ያጣው ምሽት

ቀኑ ደክሞ፣ የግንቦት ደመና በእንጦጦ ራስ ላይ እንደ ጥቁር በርኖስ ተጣጥፎ በተቀመጠበት በአንድ ማምሻ፣ ለሕክምና ከሞጣ የመጡትን የአባቴን ታናሽ ወንድም በክንዴ ደግፌ፣ ስሙን መጥራት ለነገሩ ወደማይጠቅም አንድ የአዲስ አበባ የሥዕል አዳራሽ ገባሁ። እኚህ አጎቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ በቅኔና በዜማ ያሳለፉ፣ ጉልበታቸው ቢከዳቸውም ጆሯቸው እንደ ወጣትነታቸው የነቃ፣ ወደ ከተማ በመጡ ቁጥር ከሁሉ አስቀድመው «ዛሬ ማታ ጉባኤ የት አለ?» ብለው የሚጠይቁ ሰው ናቸው። እኔም ጉባኤ ማለታቸውን ወደ ዘመኑ ልማድ መልሼ፣ አንድ ወጣት ሠዓሊ ስለ ሥራዎቹ የሚናገርበት፣ ከንግግሩም በኋላ ክራርና እስክስታ የሚታይበት ምሽት መኖሩን በማስታወቂያ አንብቤ ነበርና ወደዚያ ወሰድኋቸው። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ የእኔን ቦርሳ እስከ ታችኛው ኪሱ ድረስ ከፈተሸ በኋላ፣ የእርሳቸውን መቋሚያ ባየ ጊዜ እጅ ነሥቶ አሳለፋቸው።

ከአርባ የማይበልጥ ሰው በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወጣቱ ሠዓሊ ንግግሩን በአማርኛ ጀመረ፤ ጥቂት እንደ ተራመደ ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረ፤ ከተሻገረም በኋላ እንደ ኖኅ ቁራ ሳይመለስ እዚያው ቀረ። የድምፅ ማጉያው ሁለት ጊዜ ጮኾ አንድ ጊዜ ሞተ። ንግግሩ ሲፈጸም ተጨበጨበ፤ «ጥያቄ ያለው?» ተባለ፤ ሁሉም ወደ ጫማው ተመለከተ፤ ከኋላ ረድፍ አንድ አረጋዊ እጃቸውን አንሥተው በአማርኛ አንድ ነገር ቢጀምሩ፣ መድረክ መሪው ሰዓቱ እንደ ሄደ በትሕትና አስታወቀና ሕዝቡ ወደ ቆሎውና ወደ ወይኑ ተነሣ። በመንገድ ላይ ታክሲ ስንጠብቅ አጎቴ እጅግ ዘግይተው ተናገሩ።

«ልጄ፣ ልጁ ያለውን ግማሹን አልሰማሁትም፤ የሰማሁት ግን መልካም ነው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በዚያ ቤት ሰው ሁሉ ደግ ነው፤ የሚያርም የለም፤ ይበል የሚልም የለም።»

ይበል ምን እንደ ሆነ ለምሥራቅ ጎጃም ሰው መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል፤ ነገር ግን ይህን ጽሑፍ የሚያነብበው ሁሉ ብቸናና ሞጣ ያደገ አይደለምና ነገሩን ከሥሩ ማንሣት ይገባኛል። ከደጀን ተገንጥሎ ወደ ሰሜን የሚወጣውን መንገድ የያዘ መንገደኛ፣ በጤፍ ማሳዋ የታወቀችውን የትመንን አልፎ ብቸና ይገባል፤ ከዚያም ደብረ ወርቅን ተሻግሮ ሞጣ ይደርሳል፤ በግራው የጮቄ ተራራ፣ በቀኙ ርቆ የዓባይ ሸለቆ ይከተሉታል። በዚህ በተራራና በወንዝ በታጠረ ምድር፣ በእነማይ ዲማ ጊዮርጊስ፣ በእነርጅ እናውጋ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ በእነብሴ መርጡለ ማርያም፣ በሁለት እጅ እነሴ ሞጣ ጊዮርጊስ፣ አንዱ ከሌላው የደወል ጥሪ የሚቀባበሉ እስኪመስል ድረስ ተቀራርበው የቅኔ፣ የዜማና የመጻሕፍት ትርጓሜ ማኅደር ሆነው ኖረዋል። በቅኔ ከሚጠሩት ከሦስቱ ታላላቅ ቤቶች ማለት ከዋድላ፣ ከዋሸራና ከጎንጅ ሁለቱ የጎጃም መሆናቸውን ልብ ይሏል።

እኔ የብቸና ልጅ ነኝ፤ ይሁን እንጂ የአስኳላ ተማሪ ስለ ነበርሁ ደበሎ ለብሼ፣ አኮፋዳ አንግቼ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ በውሻ አልተባረርሁም። የቅኔን ምሽት ያየሁት በዳር ተመልካችነት ነው፤ በክረምቱ ዕረፍት ያን ጊዜ ጎልማሳ የነበሩት አጎቴ ወደሚያስተምሩበት ጉባኤ ቤት እየሄድሁ፣ በተማሪዎቹ ጎጆ በር በተነጠፈ ሣር ላይ ተቀምጬ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የኔታ ከዛፉ ሥር ካለው መደብ ላይ ይቀመጣሉ፤ ተማሪው ከየጎጆው፣ ከወንዝ ዳር፣ ከመቃብር ቤቱ ጥግ እየወጣ ይከባቸዋል፤ እርሳቸውም ጥቂት ዝም ይሉና ይዘርፋሉ። ቅኔ ማውጣት መዝረፍ መባሉ ይደንቀኛል፤ ዘራፊ ተብሎ የሚመረቅ ሰው በሀገራችን ባለቅኔ ብቻ ነው። ከሁለት ቤቱ ከጉባኤ ቃና ይጀመራል፤ ሦስት ሦስት ቤት ባላቸው በዘአምላኪየና በሚበዝኁ፣ አምስት ቤት ባለው በዋዜማ፣ ስድስት ቤት ባለው በሥላሴ በኩል እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። የመጀመሪያው ነገር ቅኔው የዚያን ዕለት የተወለደ መሆኑ ነው፤ ትናንት የተባለ ዛሬ አይደገምም።

የኔታ ከዘረፉ በኋላ ምሥጢሩን ይነግራሉ፤ ሰሙ የቱ፣ ወርቁ የቱ፣ ኅብሩ በየትኛው ቃል ላይ እንደ ተሸሸገ ያመለክታሉ፤ ከዚያም ተማሪው ይበተናል። አሁን የምሽቱ ሁለተኛ ክፍል ይጀምራል፤ ጨለማው ውስጥ፣ በየጥዱ ግርጌ፣ የንብ ድምፅ የመሰለ ማጉረምረም ይሰማል፤ እያንዳንዱ የራሱን ቅኔ እያማጠ ነው። መብራት የለም፤ መብራትም አያስፈልግም፤ ቅኔ የሚማሩት በቃል ነውና ጨለማ ለዚህ ትምህርት ጠላቱ ሳይሆን ሞግዚቱ ነው። በማግሥቱ ቆጠራ ይደርሳል፤ ተማሪው በየተራው ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ያደረበትን ይቆጥራል፤ መምህሩም ግሱ ያለ ቦታው የገባበትን፣ አገባቡ ያነከሰበትን፣ ሰሙ ወርቁን መሸከም ያቃተውን ነቅሰው ያርሙታል። እርማቱ በሰው ፊት ነው፤ ሃያና ሠላሳ ተማሪ እየሰማ ነው። የታረመውም ያረመውም የማይረሳው፣ ሌላውም ከጎረቤቱ ስሕተት የሚማረው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ሁሉ ፍሬ የሚታየው በበዓል ሌሊት ነው። ደወል ተደውሎ፣ ጧፍ በርቶ፣ ካህናቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው በማኅሌት ሲቆሙ፣ ከዜማው መካከል ቅኔ የሚቀርብበት ቦታ ይመጣል። አቅራቢው ሊቅም ይሁን ገና አንደበቱን የሚፈታ ተማሪ፣ የሚናገረውን አዲስ ቅኔ የሚሰሙት መሪጌታዎች፣ ደብተራዎችና በሌላ ደብር የተማሩ እንግዶች እያንዳንዱን ቃል በጥርሳቸው እየነከሱ ይመዝኑታል። መልካም ከሆነ «ይበል!» የሚለው ድምፅ ከግራና ከቀኝ ይነሣል፤ ጣራው ሣር ከሆነ ሣሩ፣ ቆርቆሮ ከሆነ ቆርቆሮው ይመሰክራል። ካልሆነ ዝም ይባላል። በሌላ ቦታ ዝምታ ጨዋነት ነው፤ በማኅሌት ግን ዝምታ ፍርድ ነው፤ አንድ ሰው በጉሮሮው ካሳለ ደግሞ ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነው። እንግዲህ አጎቴ በአዲስ አበባው አዳራሽ «ሰው ሁሉ ደግ ነው» ማለታቸው ምስጋና አልነበረም።

በማግሥቱ፣ ሐኪም ቤት ቀጠሯችን ከቀትር በኋላ ስለ ነበረ፣ ጠዋት ወደ 6 ኪሎ ወደ ገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ይዣቸው ሄድሁ። ይህ ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚተዳደር ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፈተ፤ ስሙን የወረሰው ከሠዓሊው ነው፤ በጀርመን ሀገር የቆዩት ሥዕሎቹም ወደ እናት ሀገራቸው ተመልሰው ማረፊያ ያገኙበት ነው። ለአጎቴ ስለ ሠዓሊው ካጫወትኋቸው ሁሉ ከምንም በላይ አንድ ነገር አስደሰታቸው፤ ገብረ ክርስቶስ የአለቃ ልጅ መሆኑ። በእርግጥም እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ሲወለድ አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክርስቲያን ሊቅና በብራና ላይ ሐረግና ሥዕል የሚጥሉ ሰው ነበሩ፤ ልጁ ቀለሙን ያወቀው ከአባቱ ቀንድ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ጀርመን ወርዶ በኮሎኝ ከተማ ሥነ ጥበብ አጥንቶ ሲመለስ፣ በአለ ፈለገ ሰላም በተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅትን ሽልማት ተቀበለ፤ ሠዓሊ ብቻ ሳይሆን «ሀገሬ» በተባለው ግጥሙ በብዙ ሰው አፍ የሚነሣ ባለቅኔም ነበረ። የደርግ ዘመን ከሀገር አስወጣው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ግዛት በሎውተን ከተማ፣ ሃምሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ዐረፈ።

በሕይወት ዘመኑ የተነቀፈበት ነገር ዛሬም በየአዳራሹ የሚሰማ ነቀፌታ ነው፤ «ረቂቅ ሥዕል ከባሕር ማዶ የመጣ እንጂ የኛ አይደለም፤ ምን እንደ ሆነ አይታወቅም» የሚል። አጎቴን ከሥዕሎቹ በአንዱ ፊት ባቆምኋቸው ጊዜ እኔም ይህን እንዲሉ ጠብቄ ነበር። ቅርጹ ቅርጽ አይባልም፤ ቀለም በቀለም ላይ ተደርቧል፤ ሰው ይሁን ቤት፣ ገደል ይሁን ደመና አይለይም። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው፣ እግራቸውን እየቀያየሩ፣ ለረዥም ጊዜ ቆሙ፤ ጥበቃው እንኳ ተጠራጥሮ ቀረብ አለ።

«ምን ታየዎት፣ አባባ?» አልኋቸው።

«አትቸኩል እንጂ፣ ልጄ። ሰሙ ገና አልተፈታልኝም፤ ወርቁ ግን ያለ ይመስለኛል። የሚያብራራው ሰው የት አለ?»

በዚህች መልስ ውስጥ ያለውን ነገር በደንብ የተረዳሁት ኋላ ነው። ቅኔ የለመደ ሰው ያልገባውን ነገር በመጀመሪያ ባየው ጊዜ አይንቅም፤ አለመግባቱ የነገሩ ባሕርይ እንጂ ጉድለት እንዳልሆነ ስለሚያውቅ ይጠብቃል፤ ውስጠ ወይራ የተባለው የቅኔ ስልት እኮ ላዩ ለስልሶ ውስጡ የጠነከረ ማለት ነው። ነገር ግን ያው ሰው ዝም ተብሎ መተውንም አይወድም፤ አብራሪ ይጠይቃል፤ አብራሪው ሲሳሳትም ያርማል። ዘመናዊው ሥዕል በኢትዮጵያ የሚያጣው ተመልካች ይህን የመሰለ ተመልካች ነው፤ ይህም ተመልካች በብቸናና በሞጣ፣ በዲማና በደብረ ወርቅ በየደጀ ሰላሙ ተቀምጧል። እስካሁን ሁለቱ አልተገናኙም።

ቤተ መዘክር በማታ በሩን ከፍቶ ንግግርና ትርኢት ማድረጉ በዓለምም ቢሆን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የገነነ ነገር ነው። በበርሊን ከተማ ቤተ መዘክሮች ሁሉ በአንድ ሌሊት በራቸውን ከፍተው የሚያድሩበት በዓል እ.ኤ.አ. በ1997 ከተጀመረ ወዲህ ብዙ የአውሮፓ ከተሞች ተከትለውታል። በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር እ.ኤ.አ. በ2010 ማሪና አብራሞቪች የተባለች ሴት ከወንበር ላይ ዝም ብላ ተቀምጣ፣ ፊት ለፊቷ የሚቀመጠውን ጎብኚ ሁሉ በየተራ ዓይን ለዓይን እየተመለከተች ከ700 ሰዓት በላይ አሳልፋለች፤ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሕዝብ ብዛት ያስደንቅ ነበር ይባላል። ይህን ለአጎቴ ባወራኋቸው ጊዜ፣ «እንግዲህ ቆጠራ ነዋ፤ የኔታም ተቀምጠው ነው የሚቀበሉ» አሉና፣ ጥቂት ቆይተው፣ «ግን አታርማቸውም?» ሲሉ ጠየቁኝ። አታርማቸውም አልኋቸው።

ከእኛ ሀገር ጋር የሚዛመደው ግን በለንደን በቴት ሞደርን የተደረገው ነው። የአይስላንድና የዴንማርክ ሠዓሊ ኦላፉር ኤሊያሶን ከመሐንዲሱ ከፍሬደሪክ ኦተሰን ጋር መብራት ለሌለው ገጠር የሚሆን፣ በፀሐይ ኃይል የምትሞላ ትንሽ ፋኖስ ሠራ፤ የፋኖሷ ቅርጽ የተወሰደው ከእኛው ከአደይ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ፋኖሷ በዚያ ቤተ መዘክር ስትመረቅ፣ በአንዳንድ የቅዳሜ ምሽቶች የአዳራሹ መብራት ሁሉ እንዲጠፋ ተደርጎ፣ ጎብኚው በእጁ አደይ አበባ የመሰለችውን ፋኖስ ይዞ ሥዕሎቹን በጨለማ እንዲያይ ተደረገ። በአደይ አበባ ብርሃን የፓሪስንና የኒው ዮርክን ሥዕል መፈለግ! ይኸው ኤሊያሶን ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ በ6 ኪሎው በገብረ ክርስቶስ ደስታ ቤተ መዘክር ሥራዎቹን አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ አሜሪካ የሄደችው፣ በዓለም ከታወቁት ሠዓልያን አንዷ የሆነችው ጁሊ ምሕረቱ፣ በትውልድ ከተማዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻዋ ያቀረበችውን ዐውደ ርእይ በዚሁ ቤት አሳየች፤ ያዘጋጀውም ዳግማዊ ውብሸት ነበር። ቤቱን ለብዙ ዘመን የመሩት ዶክተር ኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ የጻፉት መጽሐፍ ታትሟል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ቤቱ ሥራ ፈትቶ እንዳልኖረ ለማመልከት ነው። ጥፋቱ የኛ የአድማጮቹ ነው፤ እኛ ንግግር ሰምተን ማጨብጨብን ከሌላ ሀገር ተማርን፤ ይበል ማለትን ግን ለቤተ ክርስቲያን ትተን መጣን። ጭብጨባ ሁሉን እኩል የሚያደርግ ነገር ነው፤ መልካሙንም መናኛውንም በአንድ ዓይነት ድምፅ ይሸኛል። ይበል ግን ቦታ ይመርጣል፤ በሦስተኛው ቤት ላይ የተባለ ይበል በአምስተኛው ላይ ከተባለው ይለያል፤ ተናጋሪው የቱ ቃሉ እንደ ደረሰ፣ የቱ መንገድ ላይ እንደ ቀረ ያውቅበታል። በከተማው ግጥም ከጃዝ ጋር በሚነበብባቸው ምሽቶች፣ ለምሳሌ በራስ ሆቴል ይደረግ በነበረው፣ ወጣቱ አድማጭ አልፎ አልፎ በግጥሙ መካከል ድምፁን ሲያሰማ፣ የዚያ ድምፅ ሥሩ የት እንደ ሆነ አያውቀው ይሆናል፤ እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ሞጣ ጊዮርጊስ ትዝ ይለኛል።

ቅኔ ቤትና ዘመናዊ መድረክ ከቶ አይገናኙም የሚል ሰው ካለ፣ ዮፍታሔ ንጉሤን ያስብ። ከደብረ ኤልያስ፣ ከዚያው ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከቅኔና ከዜማ ጉባኤ ወጥቶ አዲስ አበባ የገባው ይህ ሰው ነው ለአማርኛ ቴአትር መሠረት ከጣሉት አንዱ የሆነው፤ «አፋጀሽኝ» የተባለው ተውኔቱ ስሙን ካስጠሩት ሥራዎቹ አንዱ ነው፤ ጣሊያን ሀገሪቱን በያዘበት ዘመን ወደ ሱዳን ተሰደደ። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ቤት በስሙ ይጠራል፤ ይህም ትምህርት ቤት ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና ከያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ጋር በእስክንድር ቦጎሲያን ስም በተሰየመው ኮሌጅ ጥላ ሥር ይገኛል። የሐረሩ የአለቃ ልጅ በስሙ ቤተ መዘክር፣ የደብረ ኤልያሱ ተማሪ በስሙ የቴአትር ትምህርት ቤት፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተጎራብተዋል፤ በየስማቸው የተሰበሰቡት ልጆች ግን አንዱ የሌላውን ቋንቋ ለመስማት ምን ያህል እንደሚጓጉ ለነሱ እተወዋለሁ።

በሥዕል በኩል ቢሆንም ሀገሬው ባዶ እጁን አይደለም። በደብረ ወርቅ በትውፊት የወንጌላዊው የሉቃስ እጅ ሥራ ነው የሚባል የእመቤታችን ሥዕል አለ፤ በመርጡለ ማርያም ንግሥት እሌኒ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን የተጠረበ ድንጋይ ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ይታያል፤ ሞጣም ብትሆን ከእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ከወይዘሮ ወለተ እስራኤል ስም ጋር ተያይዛ የምትነሣ ከተማ ናት፤ የጎንደር ዘመን የቀለም ጥበብ በዚህ በኩል ማለፉ አያስገርምም። በእነዚህ ቦታዎች ሥዕል እንዲሁ ተሰቅሎ አይውልም፤ መጋረጃ አለው። መጋረጃው በሚገለጥበት ሰዓት አንድ ቄስ በእጃቸው ዘንግ ወይም መቋሚያ ይዘው፣ ለመጣው ምእመን፣ ይህ ጊዮርጊስ ነው፣ ይህች ቢሩታዊት ናት፣ ይህ ደራጎኑ ነው እያሉ ከግድግዳው ላይ ያነብቡለታል። ምእመኑም ዝም ብሎ አይሰማም፤ አሮጊቶቹ ቄሱ የዘለሉትን ያስታውሷቸዋል፤ ልጅ እያለሁ አንዲት ባልቴት «መምሬ፣ ፈረሱን ረሱት እኮ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ መምሬም ወደ ፈረሱ ተመለሱ። የቤተ መዘክር ንግግር ማለት፣ መጋረጃውና ጧፉ ሲቀር፣ ከዚህ ምን ይለያል?

ዛሬ ብቸናም ሞጣም መብራት፣ ትምህርት ቤትና ሆቴል ያላቸው ከተሞች ናቸው፤ ወጣቱ ከሥራና ከትምህርት በኋላ በየቡና ቤቱ ስልኩን ይዞ ያመሻል፤ የከተማው አዳራሽ ሲከፈት ለስብሰባ ነው፤ ለሥዕል ወይም ለግጥም ሲከፈት አላየሁም። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ውስጥ ያለው ግጭት የምሽትን ጉዞም የምሽትን ጉባኤም አስፈሪ አድርጎታል፤ ይህን ሳልጠቅስ አልፌ ስለ ምሽት መጻፍ ሐሰት ይሆንብኛል። በዚያው ዘመን ግን የቅኔ ተማሪው ከጥዱ ግርጌ አልተነሣም፤ አጎቴ እንደሚሉኝ ተማሪው ቢያንስም ጉባኤው አልተፈታም፤ ቆጠራው ይደረጋል።

ሐኪሙ አጎቴን ካዩ በኋላ ወደ ቤት ስንመለስ፣ የገብረ ክርስቶስ «ጎልጎታ» የተባለው እ.ኤ.አ. የ1963ቱ ሥዕሉ የታተመበትን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርጄ ሰጠኋቸው። ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው፣ መጽሐፉን እያራቁና እያቀረቡ ብዙ ቆዩ፤ እራት ቀርቦ ቀዘቀዘ። በመጨረሻም ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ያ የማውቀው ማጉረምረም ነው። ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ነበር፤ ሰሙ ደም፣ ወርቁ ሐር ግምጃ፤ ወይም እኔ እንደዚያ ሰማሁት፤ ግእዜ ሙሉ አይደለምና እንዲደግሙልኝ ለመንኋቸው። «ቅኔ አይደገምም» አሉኝና መጽሐፉን አጠፉት። ባለቤቴ ከወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ትሰማ ኖሮ «ይበል» አለች። መሪጌታ ቀና ብለው አዩዋት፤ ሐኪም ቤት ከገባን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቁ።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ፣ በ6 ኪሎም ሆነ በሌላ ስፍራ የሥዕል ምሽት ለሚያዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶች አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ሠዓሊው ሲናገር ከጎኑ አንድ የቅኔ መምህር ይቀመጥ፤ ንግግሩም ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይሁን፤ መምህሩ ያርም፣ ሠዓሊው ይመልስ፣ ሕዝቡ ይፍረድ። መንገዱ ሰላም ያገኘ ዕለት ደግሞ ሥዕሎቹ ራሳቸው ይጓዙ፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ደጀን ላይ ወደ ቀኝ የታጠፈ መኪና ብቸና የሚደርሰው በዚያው ቀን ነው። እዚያ አዳራሽ ቢጠፋ ጥድ አለ፤ ወንበር ቢጠፋ ሣር አለ፤ የምትመጡበትን ቀን ብቻ አስቀድማችሁ ላኩልን፤ አጎቴ ለዲማም ለሞጣም መምህራን እነግራለሁ ብለዋል።